አቃቂ ወንዝ ላይ ናሙና አወሳሰድ፦ ከድጋፍ ደብዳቤው እስከ ላብ (ላቦራቶሪ) በር

የማስተርስ ጥናቱን አቃቂ ወንዝ ላይ የሚሠራ ተማሪ መከራውን የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው። አማካሪው አንድ ጥያቄ ይጠይቀዋል፦ «ይሄ ውሃ ስንት ሰዓት ተቀዳ፣ ላብ ስንት ሰዓት ገባ?» መልስ የለም። ወይም የናሙናው ማሰሮ ይከፈታል፣ ውስጡ ያለው በስብሷል። ወይም ወረቀቱ ላይ የነበረው ጽሑፍ ጠፍቷል።

ናሙና የሚበላሸው ወንዙ ዳር ነው። ብዙ ጊዜም ከዚያ በፊት፣ ማታ ዕቃ ሲሸከፍ። አንዴ ከተበላሸ ላብ ውስጥ የሚጠግነው ማሽን የለም።

መመሪያው ሁለት ነገር ለምትሰበስቡ ነው። አንደኛው ለባክቴሪያና ለኬሚካል ምርመራ የሚሆን ውሃ ነው። ሁለተኛው ማክሮኢንቨርቴብሬት የምንላቸው፣ በወንዙ ወለል ላይ የሚኖሩ በዓይን የሚታዩ ትናንሽ እንስሳት ናቸው።

ደረጃ 1፦ ቦታውን በእግር እዩት

ቦታ በጉግል ካርታ ብቻ አትምረጡ። ካርታው ላይ ወንዝ የሆነው ቦታው ላይ አጥር ወይም የግንባታ አፈር ሊሆን ይችላል።

ትልቁ አቃቂ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ትንሹ አቃቂ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣሉ። ከተማውን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ ነው። ስለዚህ፦

1. ከሰፈርና ከእርሻ በላይ፣ እንጦጦ ግርጌ አካባቢ ቢያንስ አንድ ማነጻጸሪያ ቦታ ያዙ። ይህ ከሌለ የታችኛው ውሃ ከምን አንጻር እንደቆሸሸ መናገር አትችሉም።
2. ፍሳሽ ከሚገባበት ቦታ በላይ አንድ፣ በታች አንድ ነጥብ ያዙ።
3. የታችኛውን ነጥብ ቱቦው አፍ ላይ አታድርጉት። እዚያ የምትቀዱት የፋብሪካውን ፍሳሽ ነው፤ ወንዙን አይደለም።

ፍሳሹ ከወንዙ ጋር መቀላቀሉን የምታውቁበት ቀላል ዘዴ አለ። ኮንዳክቲቪቲ ሜትር (ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ የሚለካ) ይዛችሁ በግራ ዳር፣ መሐል ላይና በቀኝ ዳር ለኩ። ሦስቱ ቁጥሮች ከተራራቁ ገና አልተቀላቀለም። ወደ ታች ውረዱና እንደገና ለኩ። ሲቀራረቡ ነጥባችሁን አገኛችሁ።

እግረ መንገዳችሁን ወንዝ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎችን አነጋግሩ። «እንደምን አደሩ ጋሼ፣ በርቱ» ብላችሁ ጀምሩ እንጂ ካሜራ አውጥታችሁ አትጀምሩ። ውሃው በየትኛው ቀንና ሰዓት ቀለም እንደሚለውጥ ከማንም በላይ የሚያውቀው ገበሬው ነው። የመስኖ ሞተሩ መቼ እንደሚነሳም ጠይቁ። በበጋ ሞተር ሲሳብ የወንዙ መጠን በሰዓታት ውስጥ ይቀንሳል።

ደረጃ 2፦ ደብዳቤውን ለትክክለኛው ቢሮ አጽፉ

የአዲስ አበባ ወሰን የት እንደሚያልቅ አጣሩ። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን አሁን ያሉት በኦሮሚያ ክልል፣ ሸገር ከተማ ሥር ነው። ለአዲስ አበባ ወረዳ የተጻፈ ደብዳቤ እዚያ አይሠራም። ከዲፓርትመንታችሁ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ የድጋፍ ደብዳቤ አጽፉ፤ ለኦሮሚያው ወገን በአፋን ኦሮሞም ቢሆን ይመረጣል። ኮፒውን አሥር ቦታ አባዙ። ዘበኛውም፣ የወረዳው ባለሙያም፣ ፖሊሱም ይጠይቃሉ።

ገበሬዎችን በመጠይቅ የምታነጋግሩ ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ቀድሞ መውጣት አለበት። መረጃውን ሰብስቦ በኋላ ፈቃድ ማመልከት አይቻልም።

ደረጃ 3፦ ቀኑን ከላቡ ካላንደር ጋር አስታርቁ

ለማክሮኢንቨርቴብሬት ክረምት አይሆንም። ጎርፉ ወለሉን ጠርጎ ይወስደዋል። በበጋ ሥሩ፤ በመሐል ከባድ ዝናብ ከጣለ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ጠብቁ። የበልግ ዝናብ እንዳለም አትርሱ።

ከሳምንቱ ቀናት ረቡዕ ወይም ሐሙስ ይሻላል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የባክቴሪያ ሳህን (ባክቴሪያው የሚበቅልበት) የሚነበበው በ24 ሰዓት ነው። ቢኦዲ (ባክቴሪያ ውሃው ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ሲያፈርስ የሚፈጀው ኦክስጅን) የሚለካበት ጠርሙስ ደግሞ በ20 ዲግሪ ለ5 ቀን ይቀመጣል። ረቡዕ ካስገባችሁ ባክቴሪያው ሐሙስ፣ ቢኦዲው ሰኞ ይነበባል። ማክሰኞ ካስገባችሁ ቢኦዲው እሑድ ላይ ይወድቃል። እሑድ የላቡን ቁልፍ ማን ይዞት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ።

ደረጃ 4፦ ዋዜማ፣ ዕቃ መሸከፍ

* 500 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ያለው የእጅ መረብ። መሰንጠቁን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ፈትሹ።
* ነጭ ሳፋ፣ ወረንጦ፣ ተመሳሳይ ቀዳዳ ያለው ወንፊት።
* ሰፊ አፍ ያላቸው የፕላስቲክ ማሰሮዎች፤ ከቦታዎቹ ቁጥር በአምስት የሚበልጡ።
* 96 ፐርሰንት አልኮል። አረቄ አይተካውም። ስንቴ እንደተጠየቅሁ!
* እርሳስና ወፍራም ወረቀት።
* ረጅም የጎማ ቦቲ፣ ክርን የሚደርስ ጓንት፣ ሳሙና፣ የመጠጥ ውሃ።
* አይስ ቦክስ። በረዶውን በሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ አርጉት። ሲቀልጥ ውሃው ጠርሙሱ ውስጥ ይቀራል፤ የናሙናችሁን ክዳን አይነካም።

የባክቴሪያ ጠርሙሶች። በኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ተሕዋስያንን የሚገድል ማሽን) በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ይቀቀላሉ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መጽሐፉ ላይ ያለው 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ለባሕር ወለል ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጌጁ (የግፊት ማሳያው) 15 ሲል ውስጡ 121 አልደረሰም። ወደ 19 ይጠጋል የሚያስፈልገው። መሣሪያው ያን ያህል ግፊት እንዲችል መሠራቱን ሳታረጋግጡ ግን አትጨምሩ። ጌጁን ትታችሁ ቴርሞሜትሩን አንብቡ። ቴርሞሜትር ከሌለው የኦቶክሌቭ ቴፕ (ሲሞቅ ቀለም የሚለውጥ) አብራችሁ አስገቡ፤ ቴፑ ግን ሙቀት ማግኘቱን እንጂ ጊዜው መብቃቱን አይነግራችሁም።

ደረጃ 5፦ ሜትሮቹን አስተካክሉ

ፒኤች ሜትሩን (የውሃውን አሲድነት የሚለካውን) በ7 ጀምራችሁ በ4 ወይም በ10 በፈር (ፒኤቹ የታወቀ ፈሳሽ) አስተካክሉ። ይኸው ነው።

የኦክስጅን ሜትሩ ግን ጊዜ ይፈልጋል። 20 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ ባሕር ወለል ላይ የሚይዘው ኦክስጅን በሊትር 9.1 ሚሊግራም ገደማ ነው። አዲስ አበባ ባለችበት 2,300 ሜትር ላይ ግን 7 አካባቢ ነው፤ አየሩ ስለሳሳ። ስለዚህ እንጦጦ ግርጌ 6.8 ያነበበ ተማሪ «ይሄም ተበክሏል ማለት ነው» ብሎ ሲጽፍ፣ ውሃው እንደውም መያዝ የሚችለውን ያህል ይዟል። እንዳትሳሳቱ፦

1. ሜትሩ ላይ ከፍታውን ወይም የአየር ግፊቱን አስገቡ።
2. ግፊቱን ከስልካችሁ የአየር ሁኔታ አፕ አትውሰዱ። አፑ የሚያሳየው ወደ ባሕር ወለል የተቀየረውን ነው፤ ከ1,000 ሄክቶፓስካል በላይ ይላችኋል። 2,300 ሜትር ላይ ያለው ትክክለኛ ግፊት ወደ 770 ነው።
3. ቦታው ላይ ደርሳችሁ እንደገና አስተካክሉ። ላይኛውና ታችኛው ቦታ መካከል የብዙ መቶ ሜትር ከፍታ ልዩነት አለ።
4. ሚሊግራሙንም ፐርሰንቱንም (ውሃው መያዝ ከሚችለው ስንት እጁን እንደያዘ) መዝግቡ።

ከተበላሸ፦ ቁጥሩ አልረጋ ካለ ሜምብሬኑ (የሜትሩ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ስስ ሽፋን) ላይ የአየር አረፋ ተጣብቆ ይሆናል። አራግፉት። ውሃው የቆመ ከሆነ ደግሞ ዘንጉን ቀስ ብላችሁ አንቀሳቅሱት።

ደረጃ 6፦ ወንዙ ዳር ስትደርሱ

ወዲያው ዘላችሁ አትግቡ። መጀመሪያ ሰማዩን እዩ። የራሳችሁን ብቻ ሳይሆን የእንጦጦን። አቃቂ ላይ ፀሐይ ሆኖ ላይ ዘንቦ ይሆናል። ውሃው ድንገት ከደፈረሰና ቅጠልና ፌስታል ተሸክሞ መውረድ ከጀመረ ዕቃ ለመሰብሰብ አትቆሙ። ውጡ።

ብቻችሁን አትሂዱ። ወለሉ ላይ የተሰበረ ጠርሙስና ሽቦ አለ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ቀድማችሁ ውሰዱ። ጓንት ለብሳችሁ ስልክ አትንኩ፤ የሚመዘግበው ሌላ ሰው ይሁን። ሳትታጠቡ ምንም አትብሉ።

ቅደም ተከተሉ። ከንጹሑ ቦታ ወደ ቆሻሻው ውረዱ። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፦ ባክቴሪያ፣ ኬሚካል፣ ሜትር፣ በመጨረሻ መረብ። መረቡን ያስቀደመ ሰው ወለሉን አደፍርሷል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀዳው ውሃ የወንዙ ሳይሆን የጭቃው ነው።

ይሄ ከላይ ወደ ታች መውረድ ከሰዓቱ ጋር ይጋጫል። የባክቴሪያ ውሃ በ6 ሰዓት ውስጥ ላብ መግባት አለበት። እንጦጦ ጠዋት የቀዳችሁትን ይዛችሁ በቃሊቲ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ኋላ ከተሰለፋችሁ አለቀላችሁ። ስለዚህ ወይ ቡድን ተከፋፈሉ፣ ወይ ላይኛውን አንድ ቀን፣ ታችኛውን በማግስቱ ሥሩ። የግድ በአንድ ቀን ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች በሰው ላኩ።

ደረጃ 7፦ ውሃ መቅዳት

ለባክቴሪያ
1. ጠርሙሱን አታለቅልቁ። የተቀቀለ ነው።
2. ክዳኑን እዚያው ክፈቱ፤ ውስጡን በጣት አትንኩ፤ መሬት አታስቀምጡት።
3. ፊታችሁን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሩ። ጠርሙሱን ታቹን ይዛችሁ አፉን ደፍታችሁ ወደ 20 ሳንቲሜትር አስገቡ። ከዚያ አፉን ወደ ወራጁ መልሱ።
4. ወደ 2 ሳንቲሜትር ተኩል አየር ይቅር። ላብ ውስጥ መነቅነቅ አለበት።
5. ወዲያው አይስ ቦክስ። ቀጥ ብሎ ይቁም። አይቀዝቅዝ ሳይሆን በረዶ አይሁን ነው የምላችሁ።

ለቢኦዲ እስከ አፉ ሙሉ። አንድ የአየር አረፋ እንኳን አይቅር።

ለከባድ ብረቶች የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ናይትሪክ አሲድ፣ ፒኤች ከ2 በታች። ከዚሁ ጠርሙስ ናይትሬት እንለካለን እንዳትሉ። ናይትሬቱን የጨመራችሁት ራሳችሁ ናችሁ።

አሲድ የሌለባቸውን የኬሚካል ጠርሙሶች በወንዙ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ፤ ያለቀለቃችሁበትን ከእናንተ በታች ድፉት።

ላብ ውስጥ የተዘጋጀ ንጹሕ ውሃ ያለበት አንድ ጠርሙስም ይዛችሁ ሂዱ። ወንዙ ዳር ክፈቱት፣ ወደ ሌላ ንጹሕ ጠርሙስ ገልብጡት፣ ዝጉት፣ ከሌሎቹ ጋር መልሱት። እሱ ላይ ባክቴሪያ ከበቀለ ችግሩ የወንዙ አይደለም፤ የእጃችሁ ነው።

ከተበላሸ፦ ጠርሙሱ ወለሉን ነክቶ ጭቃ ከገባ ደፍታችሁ በዚያው አትሙሉት። ሌላ የተቀቀለ አውጡ። ትርፍ የተቀቀለ ጠርሙስ የሚያዘው ለዚህ ነው።

ደረጃ 8፦ መረቡ

1. ከታች ጀምሩ፣ ወደ ላይ ተራመዱ።
2. የመረቡን አፍ ወራጁ ወደሚመጣበት አዙሩና ወለሉ ላይ አጥብቃችሁ ያዙ።
3. ከመረቡ በላይ ቁሙ። ወለሉን በእግራችሁ ቆስቁሱ። እንስሳቱ ተነቅለው ወደ መረቡ ይገባሉ።
4. ትልልቅ ድንጋዮችን አንሥታችሁ መረቡ አፍ ላይ በእጅ እሹ።
5. በድምሩ 3 ደቂቃ፣ በሰዓት ተይዞ። ደቂቃዎቹን እንደ ቦታው ዓይነት አካፍሉ፦ ግማሹ ድንጋያማ ከሆነ ግማሹን ጊዜ እዚያ፣ የቀረውን ሣሩና ጭቃው ላይ።

አቃቂ ላይ ከድንጋይ እኩል የምታገኙት ፌስታል ነው። አትጣሉት። እንስሳት ተጣብቀውበት ይኖራሉ። ሳፋው ውስጥ እጠቡት፣ ከዚያ አውጡት።

ታችኛው ቦታ ላይ ቀያይ ትሎች ብቻ ቢወጡ አትደንግጡ። ካይሮኖሚድ የሚባሉት ናቸው። ቅላታቸው ከሄሞግሎቢን ነው፤ ኦክስጅን ያነሰበት ውሃ ውስጥ የሚያኖራቸውም እሱ ነው። ላይኛው ቦታ የምታገኟቸው ኢፌሜሮፕቴራና ትሪኮፕቴራ (ንጹሕ ውሃ የሚፈልጉ ነፍሳት) እዚህ ላይኖሩ ይችላሉ። «ትንሽ ልጨምር» ብላችሁ አራተኛ ደቂቃ እንዳትጨምሩ። ምንም አለማግኘትም መረጃ ነው፤ ጊዜ ያበላለጠ ግን ሁለቱን ቦታ ማወዳደር አይችልም።

ከተበላሸ፦ መረቡ በደለል ከተደፈነ ውሃው በጎን እየተመለሰ እንስሳቱን ይዞ ይሄዳል። ሰዓቱን አቁሙ፣ መረቡን ሳፋ ውስጥ ገልብጡ፣ እጠቡ፣ ከቆማችሁበት ሰከንድ ቀጥሉ። ወደ ሌላ ቦታ ስትሄዱ ደግሞ መረቡን ገልብጣችሁ እጠቡት። ያለበለዚያ የእንጦጦ ነፍሳት ቃሊቲ ላይ ይቆጠራሉ።

ደረጃ 9፦ አልኮልና ጽሑፍ

ማሰሮውን ከግማሽ በላይ በናሙና አትሙሉ። የቀረውን በ96 ፐርሰንት አልኮል ሙሉ። እንስሳቱም ቅጠሉም ውሃ ስላላቸው አልኮሉ ይቀጥናል። ስለዚህ በማግስቱ ድፉትና በአዲስ ከ70 እስከ 80 ፐርሰንት ተኩት። 75 ለማድረግ 780 ሚሊ ሊትር 96 ፐርሰንት አልኮል ለክታችሁ በዲስቲልድ ውሃ 1 ሊትር ሙሉ። ይህን የማግስት ሥራ የዘለለ ነው ከሁለት ወር በኋላ ክዳኑን ከፍቶ አፍንጫውን የሚይዘው።

አሁን ስለ ጽሑፉ። የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ ማሰሮዎቼን በማርከር ጻፍኩባቸው። በጣም ያምር ነበር። መኪናው ውስጥ አንዱ ክዳን ላላ፣ አልኮሉ ፈሰሰ፣ 12 ማሰሮ ላይ የነበረው ጽሑፍ ወደ ሰማያዊ ቀለም ተለወጠ። የትኛው የየት እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ሕጌ አንድ ነው፦ በእርሳስ፣ ወፍራም ወረቀት ላይ፣ ማሰሮው ውስጥ። ውጭ ደግሞ ሁለተኛ። ክዳኑ ላይ ብቻ በፍጹም፤ ክዳን ይቀያየራል።

የቦታውን ኮድ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሰብሳቢውን ስም ጻፉ። የእኛ አገር ልዩ ወጥመድ ያለው እዚህ ነው። ሜትሩ 9:00 ሲል እናንተ «3 ሰዓት» ትጽፋላችሁ። ጓደኛችሁ ደግሞ የሚያየውን 9:00 ይገለብጣል። ማታ ኤክሴል ላይ ስታስገቡት አንዱ ናሙና ላብ የገባው ከመቀዳቱ በፊት ይሆናል። ቀኑም እንዲሁ፦ አንዱ በእኛ፣ አንዱ በፈረንጅ። ከመነሳታችሁ በፊት አንዱን ምረጡና የመመዝገቢያው ቅጽ ራስ ላይ በትልቁ ጻፉት። እኔ የሜትሩን ሰዓት እመርጣለሁ።

ደረጃ 10፦ ላብ ማስረከብ

መንገድ ላይ እያላችሁ ደውሉ። ፊልተር ማድረጊያው ዝግጁ ይሁን።

ለፊካል ኮሊፎርም (ከዓይነ ምድር የሚመጣ ባክቴሪያ) ሳህኑ ኢንኩቤተር (ሙቀት ጠብቆ የሚያቆይ ሣጥን) ውስጥ በ44.5 ዲግሪ 24 ሰዓት ይቆያል። አንድ ሳህን ላይ ከ20 እስከ 60 ኮሎኒ (በዓይን የሚታይ የባክቴሪያ ነጥብ) ሲበቅል ነው ቁጥሩ የሚታመነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ናሙና ሦስት ተከታታይ ቅጥነት ሥሩ። ለላይኛው ንጹሕ ቦታ ከ100 ሚሊ ሊትር ጀምሩ። ለታችኛው ከሺህ እጥፍ እስከ መቶ ሺህ እጥፍ አቅጥኑ። ሰላጣ የሚለማበትን ውሃ የምታጠኑ ከሆነ የዓለም ጤና ድርጅት በ1989 ያወጣው፣ ጥሬ ለሚበላ አትክልት በ100 ሚሊ ሊትር 1,000 ፊካል ኮሊፎርም የሚለው ገደብ ለማወዳደሪያ ይሆናችኋል።

ሳህኑ ሁሉ ከሞላ፦ ያው ውሃ ፍሪጅ ውስጥ አለ ብላችሁ በማግስቱ አትድገሙት። ሰዓቱ አልፏል። ወደ ወንዙ ተመለሱ። ይህን ላለማየት ከዋናው ቀን በፊት አንድ ጊዜ ከታችኛው ቦታ ብቻ ቀድታችሁ ቅጥነቱን ሞክሩ።

መብራት ከጠፋ፦ የኢንኩቤተሩን በር አትክፈቱ። የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት፣ ሲመጣ ቴርሞሜትሩ ያሳየውን መዝግቡ። ሙቀቱ ከወረደ ያንን ዙር ጣሉት። ያማል፣ አውቃለሁ። ጄኔሬተር ያለው ላብ ካለ ኢንኩቤተር በትብብር ለመጠቀም ቀድማችሁ ደብዳቤ አስገቡ።

ማሰሮዎቹን ለይታችሁ እስክትጨርሱ ከፀሐይ አርቃችሁ፣ ከእሳትም አርቃችሁ አስቀምጡ። በየወሩ የአልኮሉን ከፍታ እዩ። አልኮሉ ከናሙናው በታች ከወረደ ክዳኑ ያስተነፍሳል ማለት ነው፤ ሙሉትና ክዳኑን በፕላስተር ዙሩበት።